ወርቃማው ፍልፈልና ሦስተኛው አባት

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የማልረሳው ገርጂ ባለው ኮንዶሚኒየማችን ውሃ የሚመጣው ያን ጊዜ ስለሆነ ነው። የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን በርሜሉን መሙላት ሲጀምር ቧንቧው በግድግዳችን ውስጥ ያጉረመርማል። ያ ድምፅ ሲጀምር በሩ ተንኳኳ፤ ሦስት ሽማግሌዎች ደረጃው አድክሟቸው እያለከለኩ ገቡ። የላካቸው ላገባው የምፈልገው ሰው ቤተሰብ ነው።

እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። እናቴ ብርጭቆዎቹን ለሁለተኛ ጊዜ ታጥባለች። ሳሎን ውስጥ የተቀመጡት አባቴና የአያቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። እኚህን ሽማግሌ ሁላችንም አካኮ እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ለጉልበታቸው ሕክምና ከምዕራብ መጥተው እኛ ጋ ከሰነበቱ ቆይተዋል። ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ሲያወሩ በየቃሉ መካከል ያርፋሉ።

ሰውየውን የማውቀው ከቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ኅብረት ነው። አትላስ አካባቢ ባለ ቢሮ መሐንዲስ ነው፤ የሚኖረው ከቤተሰቡ ጋር ኢምፔሪያል ነው። እኔ ዝም ስል አብሮኝ ዝም ማለት የሚችል የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሌሎች ዝምታዬን ኩራት ወይም በሽታ ያደርጉታል። እሱ ግን አጠገቤ ተቀምጦ ታክሲ ሲያልፍ ይቆጥር ነበር።

ሁለታችንም ወላጆቻችን ከምዕራብ የመጡ፣ አዲስ አበባ የተወለድን ነን። በእኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች እስከ ሰባት አባት ድረስ ተቆጥሮ የሚገናኙ ከሆነ አይጋቡም፤ ወንድምና እህት ናቸው። ይህን እናውቅ ነበር። አንድ ቀን ኢምፔሪያል ማዞሪያው አጠገብ ጭማቂ ቤት ተቀምጠን መታወቂያችንን አውጥተን ጎን ለጎን አስቀመጥን። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። አንዱም ከአንዱ አይገናኝም። «አለቀ፣ ባዕድ ነሽ» አለኝ፤ ሳቅን። ለእኛ ዘር መታወቂያ ላይ የሚያልቅ ነገር ነበር። ከአያት ወዲያ ያለውን ሁለታችንም አናውቅም፤ የሚያውቁልን ሰዎች እንዳሉ ግን እናውቅ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ሲፈለግ ይጠየቃሉ ብለን ተውነው። ስለ ጎሳም አባቴ ጠይቆኝ ነበር፤ የሰውየው ቤት የሚጠራበት የጎሳ ስም ሌላ ስለሆነ ነገሩ በዚያው ቀረ። ቅድመ አያቶቹ ወንዝ ተሻግረው ከሰፈሩ በኋላ ስሙ እንደተለወጠ ማንኛችንም አላወቅንም።

ለስላሳውን ይዤ ስገባ ከሽማግሌዎቹ ወፍራሙ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእንስሳት ዝምድና ሥዕሌን እያዩ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው? ዝሆን አለ፣ አይጥ አለ…»

«የልጄ ሥራ ነው» አለ አባቴ፤ ኩራቱን መደበቅ አይችልም። «ነይ፣ ንገሪያቸው።»

የግል ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ማስተርሴን ስሠራ ያጠናሁት ስለ ወርቃማ ፍልፈልና ስለ ዘመዶቹ ነው፤ ሥዕሉን የሠራሁት ለተማሪዎቼ ነው። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል፤ ስለ ወርቃማው ፍልፈል ከሆነ ግን አፌ ይፈታል። በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። አብዛኛው የሚኖረው በደቡባዊ አፍሪካ ነው። ለእኛ የሚቀርበው ሶማሊያ የተገኘው ዓይነት ነው፤ እሱንም በሕይወት ያየው ሳይንቲስት የለም። የሚታወቀው ጉጉት በልታ ከተፋችው የአጥንት ስብርባሪ ብቻ ነው።

ትሪውን እንደያዝኩ ነገርኳቸው። ከጭብጥ አይበልጥም። ዓይኑ ላይ ቆዳ በቅሎበታል፤ ጆሮውም ከውጭ አይታይም። በጆሮው ውስጥ ባለ ትልቅ አጥንት የአሸዋውን ንዝረት ያዳምጣል። ጠጉሩ ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴና ወርቅ እየሆነ ያብለጨልጫል፤ ከወገኖቹ ግን ይህን የሚያይ ዓይን ያለው አንድም የለም። መልኩም ኑሮውም ፍልፈል ስለሆነ ሊቃውንቱ ለብዙ ዘመን ከአውሮፓ ፍልፈል ጋር ቆጠሩት። እኛ አገር ድንች የሚያበላሸው ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ የአይጥ ወገን ነው። ኋላ የዘር ቅንጣቱ ሲነበብ የወርቃማው ፍልፈል ቤት ሌላ ሆኖ ተገኘ። ዘመዶቹ ሽኮኮ፣ ምስጥ በሊታው አዋልዲጌሳ፣ የባሕር ላም፣ ዝሆን ናቸው። ጭልጋ ላይ አፅሙ የተገኘው፣ አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንድ የነበረው የጠፋ አውሬም ከዚሁ ቤት ይቆጠራል።

«ዝሆንና ይቺ?» አሉ ወፍራሙ። «ታዲያ ዝሆኑ ልጁን ሲድር ይጠራታል?»

«ትጠራለች እንጂ፣ መቀመጫዋን ነው የሚያስቡት» አሉ ሌላኛው። ሳሎኑ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ። ነገሩ በደንብ እየሄደ መሰለኝ።

ከዚያ ቆጠራው መጣ። አባቴ አንዳንዴ «ወንጌል ብዙ ነገር አስትቶናል፤ ቆጠራውን ግን አላስተወንም» ይላል። ንግግሩ በኦሮምኛ ነበር፤ እዚህ በአማርኛ እጽፈዋለሁ። ስሞቹን አልጽፋቸውም፤ የእኔ ብቻ አይደሉም።

ከእንግዶቹ ትልቁ፣ ቀጭንና ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያኖሩት፣ የልጁን ወገን ቆጠሩ። አባቱን፣ የአባቱን አባት፣ እያሉ በጣታቸው እስከ ሰባት አደረሱ። ከዚያ አካኮ ጀመሩ። አባቴን ጠሩ፤ ተነፈሱ። ወንድማቸውን፣ ማለትም አያቴን ጠሩ፤ ተነፈሱ። ሦስተኛውን፣ የገዛ አባታቸውን ሲጠሩ ግን ትንፋሽ አልወሰዱም፤ በአንድ እስትንፋስ ወደ አራተኛው ተሻገሩ። ከእኔ በቀር ይህን ያስተዋለ አልነበረም። እኔ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ባለ ኮፍያው ቀና አሉ።

«ማን አሉ?»

አካኮ ደገሙት።

«ስም ይመሳሰላል እኮ» አለ አባቴ ቶሎ ብሎ። «ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።»

«ከወንዙ ወዲህ ሾላው ሥር የተቀበረው?» ሲሉ ጠየቁ ባለ ኮፍያው።

«እሱ ነው» አሉ አካኮ።

ወፍራሙ ሽማግሌ ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። «ይኸው! ሙሽራ ፍለጋ መጥተን እህታችንን አገኘን።» ሊያቀሉት ፈልገው ነው። አባቴም ከልቡ ባይሆንም ሳቀ፤ ተነስቶ አቀፋቸው። ከአንድ አባት የወጡ ሰዎች ተገናኝተዋልና ማዘን ያሳፍራል።

ያን ጊዜ በሕይወቴ ከባዱን ነገር አደረግሁ፤ ሳልጠየቅ ተናገርኩ። «ይቅርታ አባቶቼ… ይህን ያህል ሩቅ ከሆነ በደም ሲታይ ምንም ማለት አይደለም። ልጅ አይጎዳም። እንደ ባዕድ ነው።»

ባለ ኮፍያው አልተቆጡም። እንዲያውም በጣም በለሰለሰ ድምፅ መለሱልኝ። «ልጄ፣ አሁን ዝሆኑንና ፍልፈሉን በስንት አባት አገናኘሻቸው? እኛ ስድስት ብንቆጥር በዛ ትያለሽ?»

ሁሉም ሳቁ፤ አባቴም። መልስ ነበረኝ። ክፍል ውስጥ ተማሪ ይህን ቢጠይቀኝ በደንብ አስረዳዋለሁ። እዚያ ግን ባዶ ጠርሙሶቹን ሰብስቤ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ጸልየው፣ መርቀው፣ አዲሱን ዝምድና አመስግነው ሄዱ። አባቴ እስከ አስፋልቱ ሊሸኛቸው ወረደ።

አካኮ በረንዳ ላይ ወጥተው ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ቆምኩ። እሳቸውም እኔም ስለ ምን እንደምናወራ ማንሳት አላስፈለገንም።

ባለፈው ክረምት ያንን ሥዕል የሠራሁት እዚያው በረንዳ ላይ ነው። ምን እንደሆነ ጠይቀውኝ ነገርኳቸው። የራሱ ባልሆነ ቤት ሲቆጠር ኖሮ በኋላ ሳይንቲስቶች አወጡት ስላቸው፣ «ፍልፈሉ አውጡኝ ብሏቸው ነበር?» አሉኝ። ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ትንሽ ቆይተው፣ «አባቴም እንደሱ ነበር» አሉ።

አባታቸው ከዚያ ቤት አልተወለደም። ወላጆቹ ያለቁበት ሕፃን ነበር፤ በበቅሎ ከቆላ አመጡት። ሽማግሌዎች ተሰብስበው መረቁት፣ የቤቱ እመቤት ጡቷን አጎረሰችው። ጉዲፈቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ በኩር ሆነ፤ መሬት ወረሰ፣ ስም ወረሰ፣ ሲሞትም ከአባቶቹ ጎን ተቀበረ። ከሌላ ተወለደ ብሎ መናገር ነውር ብቻ አይደለም፤ የሽማግሌዎቹን ምርቃት ማፍረስ ነው። የሚያውቁት አልቀው አካኮ ብቻቸውን ቀሩ። «አባትሽ አያውቅም» አሉኝ ያን ቀን። «ለምን ለአንቺ እንደነገርኩሽ አላውቅም። ፍልፈሉ አሳዝኖኝ ይሆናል።»

እንግዲህ እኔና ላገባው የፈለግሁት ሰው በደም አንገናኝም። በስድስተኛው አባት ያገናኘን መንገድ ሦስተኛው ላይ የተቆረጠ ነው። ይህን ማወቄ የሚያድነኝ መስሎኝ ነበር።

«ብናገርስ?» አልኳቸው።

ታች አባቴ ሽማግሌዎቹን ታክሲ ላይ ሲያሳፍር፣ ረዳቱ «መገናኛ፣ መገናኛ» ሲል ይሰማል።

«ብትናገሪስ?» አሉ። «ጉዲፈቻ ልጅ ነው። ከተወለደው አይለይም። ቆጠራው አይለወጥም፤ የሚለወጠው አባትሽ ብቻ ነው።»

«ግን በደም…»

«ደሙን የሚጠይቅሽ የለም። እኔ ዛሬ የቆጠርኩት ደም መሰለሽ?» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እኔም ስቆጥር አንቺን እያየሁ ነበር። ሌላ መንገድ ቢኖር አጣው ነበር?»

አባቴ ደረጃውን ሲወጣ ይሰማኝ ነበር። ጎረምሳ ሳለ እዚህ ከተማ መጥቶ፣ ሰው ሱቅ ተላልኮ፣ በኋላ የራሱን የመለዋወጫ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ከተማው ስም አልሰጠውም። የሚኮራበት አንድ ነገር አለው፤ በየክረምቱ አገር ቤት ሲሄድ ገና ከመኪና ሳይወርድ «የነእገሌ ልጅ መጣ» ይባልለታል። ሲመለስ ይህንኑ ለሳምንት ያወራልናል። ከሾላው ሥር ያሉትን መቃብሮች በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለደንበኞቹ ያሳያል።

አመሻሹ ላይ ኢምፔሪያል፣ ያው ጭማቂ ቤት ተገናኘን። እሱ ቀድሞኝ ነበር። አቮካዶው ፊቱ ተቀምጦ ከላይ ጠቁሯል፤ አልነካውም።

«ጄኔቲካሊ እኮ ዜሮ ነን» አለ ገና ሳልቀመጥ። «አልነገርሻቸውም?»

«ነገርኳቸው።»

«እና?»

«ዝሆኑን አነሱብኝ።»

በቁጣ መሃል ሳቅ አመለጠው፤ ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «እሺ ስሚኝ። አባዬ ክፉ ሰው አይደለም። ነገ እሞግተዋለሁ። እናንተ ዘንድ ያሉት ሽማግሌ ምናልባት ተሳስተው ሊሆን ይችላል፣ አርጅተዋል። አንድ ነገር ብቻ ስጪኝ። አንድ ቀዳዳ። እሷን ይዤ እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ።»

ቀዳዳዋ አፌ ውስጥ ነበረች። ለእሱ ብቻ ልንገረው ብዬ አሰብኩ። ግን ለእሱ ብነግረው ለአባቱ ይነግራል፤ ሊሞግት ነው የሚፈልጋት። አባቱ ለሽማግሌዎቹ ይነግራል። ሽማግሌዎቹ አይቀበሉትም፤ ጉዲፈቻ ልጅ ነው ይላሉ፤ ቃሉ ግን ወንዙን ተሻግሮ አገር ቤት ይደርሳል። በሚቀጥለው ክረምት አባቴ ከመኪና ሲወርድ «የነእገሌ ልጅ» ይሉታል፤ እንደ ድሮው። ካለፈ በኋላ ግን አንዱ ለአንዱ በጆሮው አንድ ነገር ይለዋል።

«ምንም የለም» አልኩት።

«ምንም?»

«ተሳስተው አይደለም። ቆጠራው ልክ ነው።»

«አንቺ ደግሞ፣ ስለ ፍልፈል ስታወሪ ማንም አያስቆምሽም፤ ስለ እኛ ሲሆን ዝም» አለ። ሊጎዳኝ ብሎ አይመስለኝም። ቢሆንም እስከ ዛሬ አልተወኝም። ከዚያ ቦርሳውን አውጥቶ መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ፣ እንደዚያን ቀን፣ በእኔ ፊት አስቀመጠው። «ያንቺስ?»

«ቤት ረስቼው መጣሁ» አልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጎን ለጎን ሆነው ማየት አልቻልኩም።

ወጥተን ማዞሪያው ዳር እንደ ልማዳችን ዝም ብለን ቆምን። ታክሲ አልቆጠረም። የገርጂው ሲመጣ በሩን ያዘልኝ፤ ረዳቱ «ቶሎ በይ እህቴ» አለኝ፤ ገባሁ።

ቤት ስደርስ አባቴ ሥዕሉን ከግድግዳው አንስቶ ጠቅልሎ ሶፋው ላይ አኑሮት ነበር። «አላውቅም፣ እንዳያናድድሽ ብዬ ነው» አለኝ። ጫፎቹ እንዳይቀደዱ ተጠንቅቆ ነው ያነሳው፤ ፕላስተሩን አንድ በአንድ ልጦታል። እሱም ያደረገው ነገር ያን ያህል ብቻ ነበር። ሌላ ምንም ሊያደርግልኝ እንደማይችል ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ እኔም ለእሱ እንደዚያው።

ሥዕሉን ክፍሌ ወስጄ ዘረጋሁት። ወርቃማውን ፍልፈል ከዝሆኑ ቤት ጋር ያገናኘሁበት መስመር ቀይ ነው። ስሥለው ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነተኛ ቤቱን ያገኘንለት መስሎኝ። ከድሮው ቤት ያወጣንበትን ቦታ ግን ባዶ ነው የተውኩት። ተማሪዎቼ አንድም ቀን ስለ እሱ ጠይቀውኝ አያውቁም።

እሑድ ጠዋት እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ልብስ እየተኮሰች፣ አባቴ ታናሽ ወንድሜን ጠርቶ አካኮ ፊት አስቀመጠው። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው። «ነገ አንተም እንዲህ ሆነህ እንዳትመጣ፣ አሁን ተማረው» አለው። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝና አፈረ። «አንቺ ካልፈለግሽ ግቢ።»

አልገባሁም። ከወንድሜ ጎን ተቀመጥኩ። አካኮ ሊጀምሩ ሲሉ ሳል ያዛቸው፤ እጃቸውን አንስተው ቆይ አሉ። ሳሉ አልለቅ አላቸው።

«እኔ ልቁጠርለት» አልኩ፤ የትናንቱ ቆጠራ ከጆሮዬ አልወጣም ነበር።

አባቴ ተገረመ። አካኮ ሳላቸው በመሃረባቸው ውስጥ እንደታፈነ ቀና ብለው አዩኝ።

አባቴን ጠራሁ፤ ቆም አልኩ። አያቴን ጠራሁ፤ ቆም አልኩ። ሦስተኛውን ጠርቼ ግን ሳልተነፍስ ወደ አራተኛው ተሻገርኩ። አምስተኛውን ጠራሁ፤ ስድስተኛውንም ጠራሁ፤ ከሾላው ሥር የተቀበረውን፣ የእሱም የእኔም የሆነውን። ሰባት ላይ ስደርስ አካኮ መሃረባቸውን ከአፋቸው አነሱ።

«አልያዝኩትም» አለ ወንድሜ።

«ድገሚለት» አለ አባቴ።

ደገምኩለት።